የኢትዮጵያዋ ልዕልት አንድሮሜዳ ለምን ነጭ ሆና ተሳለች?

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ የ11 ዓመት ልጄን ይዤ እዚህ ለንደን፣ ማንችስተር አደባባይ ያለው የዋላስ ሙዚየም ገብቼ ነበር። መግቢያው ነፃ ነው፤ ውጭው ደግሞ ዝናብ ነው። ስንዞር ቆይተን ልጄ አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። የቬኒሱ ሠዓሊ ቲሺያን በ1550ዎቹ ለስፔኑ ፊሊፕ ሁለተኛ የሳለው ነው። በግራ በኩል አንዲት እርቃኗን የሆነች ሴት ከቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ታስራለች። ከላይ አንድ ጎልማሳ ቁልቁል ይወረወራል። ከታች የባሕር አውሬ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ባሕሩም ቋጥኙም ጠቁሯል። የሴቲቱ ገላ ግን ወተት ነው።

ልጄ ስሟን አነበበችና ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ልዕልት ናት ብለኸኝ አልነበር?» አለችኝ። ብያታለሁ። ማታ ማታ ከምነግራት ተረቶች አንዱ ነው። መልስ ግን አጣሁ።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ይህ ነው። በግሪኮች ተረት ኬፊየስ የሚባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር። ሚስቱ ካሲዮፔያ ከባሕር ልጃገረዶች ሁሉ እበልጣለሁ ብላ በመልኳ ኮራች። የኮራችው በልጇ መልክ ነው የሚሉም አሉ። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ ጎርፍና አውሬ ላከባቸው። ልጅህን ለአውሬው ካልሰጠህ አገርህ ይጠፋል ተባለ ንጉሡ። አንድሮሜዳ ታሰረች። ፐርሴየስ የሚባል ጀግና ፀጉሯ እባብ የሆነውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ አያት፣ አውሬውን ገደለ፣ አገባት።

ጥያቄዬን ላቅርብ። ይህን ታሪክ የሳሉት ሰዎች ያነበቡ፣ የተማሩ ናቸው። ኢትዮጵያዊት መሆኗን ያውቃሉ። የሮማው ገጣሚ ኦቪድ በሜታሞርፎሲስ መጽሐፉ ጠይም ነበረች ብሎ ነግሯቸዋል። እና ለምን ነጭ አደረጓት? እኔ ሳያውቁ ነው ብዬ አላምንም። እያወቁ ነው።

—

እስከ ዛሬ 26 መልስ ደርሷል። ዘግይታችሁ ለምትገቡ እንዲመች በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። የሰው ጽሑፍ ገልብጬ አልለጥፍም፤ የተባባልነውን በራሴ አፍ ነው የምነግራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ አጭርና ደግ ነበር። ጸሐፊው አንድሮሜዳን የሚያውቃት በኮከብ ስም ብቻ እንደሆነ፣ ከኢትዮጵያ ጋር ትገናኛለች ብሎ አስቦ እንደማያውቅ ነገረን። ልጄንም መረቀልኝ።

2ኛው መልስ ያረመኝ ነው። የጻፉት ላቲን የተማሩ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። በትሕትና ግን በማያወላዳ መንገድ ነው ያረሙኝ። ኦቪድ በሜታሞርፎሲስ ስለ ቆዳዋ ቀለም አንድም ቃል አልጻፈም። ጭራሽ እዚያ ያለው ተቃራኒ የሚመስል ነገር ነው። ነፋስ ፀጉሯን ባያወዛውዘው፣ ከዓይኗም እንባ ባይወርድ ኖሮ፣ ፐርሴየስ ከእምነበረድ የተሠራች ሐውልት ትመስለው ነበር ይላል። ጠይም የሚለው ቃል ያለው በሌላ ግጥሙ ነው። እዚያ ባለቅኔዋ ሳፎ ለምትወደው ሰው ደብዳቤ ስትጽፍ፣ እኔ ነጭ ባልሆን ምን አለበት፣ ፐርሴየስም ያገሯን ቀለም የያዘችውን አንድሮሜዳን ወዷል ትለዋለች። በሦስተኛ ግጥሙ ደግሞ ኦቪድ ፐርሴየስ ከጥቁሮቹ ሕንዶች አገር እንዳመጣት ይናገራል። በዚያ ዘመን ሕንድና ኢትዮጵያ በብዙ ጸሐፊዎች ዘንድ ይደበላለቁ ነበር። እሳቸው የላቲኑን ቃል በአማርኛ ጠይም ብለው ሲመልሱት ደስ አለኝ። ጥቁርም አይደለም፣ ቀይም አይደለም። ጠይም ነው። ስሕተቱ የኔ ነው፤ እዚያው አመስግኜ ተቀበልኩ።

3ኛዋ ሥዕል ያጠናች ልጅ ናት። የእምነበረዱን ነገር ይዛ ሄደች። የቲሺያንና የሩቤንስ ዘመን ሠዓሊዎች ገላ መሳል የሚማሩት የጥንት ሐውልቶችን እያዩ ነበር። ሐውልቶቹ ሲሠሩ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ከመሬት ሲወጡ ግን ቀለሙ ለቆ ነጭ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። እነሱም ውበት ማለት ይህ ነጭ ድንጋይ ነው ብለው ያዙ። ኦቪድ ደግሞ እምነበረድ ብሏል። ሁለቱ ሲገናኙ የሳፎ ደብዳቤ ተረሳ። ሌላም ነገር አነሣች። ሠዓሊ ጨለማ ባሕር ላይ ዓይን የሚስብ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ያ ነገር ብርሃን የመታው ገላ ነው። ሥዕሉ ፊት ስቆም ዓይኔ መጀመሪያ የት እንዳረፈ ጠየቀችኝ። ገላዋ ላይ ነው። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ።

4ኛው መልስ ላይ ነገሩ ሞቀ። ወጣቱ ይህ ሁሉ ሰበብ ነው አለ። ጥቁር ሰው መሳል ስላልቻሉ አይደለም። ሩቤንስ የአንድ አፍሪካዊ ሰው ራስ ከአራት አቅጣጫ አጥንቶ ስሏል፤ ብራስልስ አለ፣ ሄዳችሁ እዩ። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በ1661 ሁለት አፍሪካውያን ስሏል፤ ዘ ሄግ፣ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም አለ። የሬምብራንት አንድሮሜዳም ያለችው እዚያው ሙዚየም ውስጥ ነው። የአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቤት። ጥቁሩን ጥቁር፣ ኢትዮጵያዊቷን ነጭ። እኔ ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከሁሉም መልስ የኔን ሐሳብ አጥብቆ የያዘልኝ ይህ ነው።

5ኛዋ ከዚያው ከሆላንድ ጻፈች። ሥዕሉን በአካል አይታዋለች። የሬምብራንት አንድሮሜዳ ትንሽ ናት፤ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ፐርሴየስ የለም፣ አውሬውም አይታይም። አንዲት ልጅ እጆቿ ታስረው ወደ ጎን ታያለች። ስትፈራ ያየኋት እዚህ ሥዕል ላይ ብቻ ነው አለች። ሌሎቹ ሥዕሎች ላይ የምትሞት ሰው አትመስልም፤ ለመታየት የቆመች ነው የምትመስለው። የቀለሙ ጥያቄ ይህችን የፈራች ልጅ እንዳይሸፍንብን ለመነችን። 4ኛው ወንድማችን መልሶ አልጻፈላትም። እኔ ግን ሁለቱም ልክ ናቸው ነው የምለው።

ከ6 እስከ 9 ያሉት ለሁለት ቀን አላስተኙንም። 6ኛው ጸሐፊ ርእሱ ራሱ ስሕተት ነው ብሎ መጣ። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ የዛሬዋ ኢትዮጵያ አይደለችም። ቃሉ ፊቱ የተቃጠለ ማለት ነው፤ ከግብፅ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ይጠሩበት ነበር። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ራሱ ኢትዮጵያውያንን በፀሐይ መውጫና በፀሐይ መግቢያ ብሎ ለሁለት ይከፍላቸዋል። የያኔው መንግሥት ደግሞ ሜሮኤ ነው፤ ዛሬ ሱዳን ያለው። የሰው ተረት ለምን የኛ እናደርጋለን አለ፤ አባባሉም ሻካራ ነበር። 7ኛዋ ከዚያ በባሰ ሻካራ መለሰችለት። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ኢትዮጵያ በተባለ ቁጥር ያቺ የኛ አይደለችም የሚል አበሻ ያሳፍራል አለች። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ጃንደረባ አነሣች። እሱም ህንደኬ የሜሮኤ ንግሥቶች ማዕረግ ነው ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን አልተርክም። ስድብ ነበረበት፤ ሁለቱም ኋላ ላይ ራሳቸው አጥፍተውታል።

ነገሩ የበረደው 8ኛው መልስ ላይ ነው። ጸሐፊው የንጉሥ ኤዛናን የድንጋይ ጽሑፍ አስታወሰን። በአራተኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ በግእዝ፣ በሳባውያን ፊደልና በግሪክኛ ያስጻፈው ነው። ግእዙ ሐበሠት በሚልበት ቦታ ግሪክኛው ኢትዮጵያውያን ይላል። እንግዲህ ስሙ ከውጭ የመጣ ነው፤ አባቶቻችን ደግሞ ተቀብለው የራሳቸው አድርገውታል። ሁለቱም እውነት ነው። ኬፊየስ የአክሱም ንጉሥ አልነበረም፤ ተረት ነው። ስሙን የወረስን ሕዝብ ግን በዚህ ተረት ላይ የምንለው ነገር ቢኖረን ነውር የለውም። 9ኛዋ ይህ አነጋገር ልቧን እንዳሳረፈው ብቻ ጽፋ ሄደች። የኔንም አሳርፎታል። ልጄ ጥያቄዋን የጠየቀችው ስሙን ስለወረሰች ነው እንጂ ኬፊየስ ቅድመ አያቷ ስለሆነ አይደለም።

10ኛዋ ከእስራኤል፣ ከባት ያም ናት የጻፈችልን። ያፋ ጎረቤቷ ነው። ከያፋ ወደብ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ጥቋቁር ዓለቶች አሉ፤ የአንድሮሜዳ ዓለት ይባላሉ። አንድ ዓርብ ከሰዓት እናቷን ይዛ እዚያ አካባቢ ስትቀመጥ ይህንኑ ተረት ነገረቻቸው። እናቷ ከጎንደር የመጡ ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ ይሄማ የዮናስ አገር አይደል እንዴ፣ አሏት። እውነታቸውን ነው። ያፋ ማለት መጽሐፉ ኢዮጴ የሚላት ናት። ነቢዩ ዮናስ ወደ ተርሴስ ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረው ከዚያች ወደብ ነው። አንድ ወደብ፣ ሁለት የባሕር አውሬ። ይህን ሳነብ በጾመ ነነዌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ የሰማሁት ንባብ ሁሉ መጣብኝ።

11ኛው፣ ቅድም ያረሙኝ ሽማግሌ ናቸው። ከጥንት ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ታሪኩን ያፋ ላይ እንደሚያስቀምጡት አስረዱን። የአይሁዱ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ የሰንሰለቷ ምልክት በዘመኑ እዚያ ይታይ እንደነበር ጽፏል። ሮማዊው ፕሊኒ የጻፈው ደግሞ ይገርማል። ማርቆስ ስካውረስ የሚባል የሮም ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ዓመት የዚያን አውሬ አጥንት ነው ብሎ ከያፋ ሮም አምጥቶ ለሕዝብ አሳይቷል። ርዝመቱ 40 ጫማ፣ የጎድን አጥንቱ ከሕንድ ዝሆን ቁመት የሚበልጥ። የዓሣ ነባሪ አጥንት ይሆናል ብለው ይገምታሉ እሳቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓሣ ነባሪ ሁለት መልስ ተጨመረ፤ 12 እና 13። ከርእሳችን ስለራቀ ልለፈው።

14ኛው ዲያቆን ነው። በሩን ከፍቶ ወደ ቤታችን ያስገባን እሱ ነው። ከያፋ ወደ ልዳ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ አገር ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ለደራጎን የተሰጠችውን የቤሩት ልጅ ያዳነ ነው። በፈረስ የመጣ ጎልማሳ፣ የታሰረች የንጉሥ ልጅ፣ ለአውሬ የሚገበር አገር። የምዕራብ ሊቃውንት የፐርሴየስ ታሪክ ወደ ጊዮርጊስ ታሪክ ሳይሻገር አልቀረም የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው አለ። እሱ ራሱ በዚህ ላይ አልፈረደም። ያው ሁላችንም ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ላይ ብሩታዊት ዛፍ ላይ መሆኗን ብቻ አስታወሰን።

15ኛዋ ግን ተቆጣች። ቅዱሱን ሰማዕት ከጣዖት ተረት ጋር አንድ ገበታ ላይ ማቅረብ ድፍረት ነው አለች። ዲያቆኑ ይቅርታ ጠየቃት፤ ታሪኩ ከዚያ መጣ አላልኩም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ ነው ያልኩት አላት። 16ኛው ጸሐፊ ከመሐል ገብቶ አርዌን ጠራ። በኛም አፈ ታሪክ ሕዝቡ ለዘንዶው ልጃገረድ ይገብር ነበር፤ አንጋቦ ገደለውና ነገሠ። ይህ ዓይነት ተረት ብዙ አገር አለ፤ ማን ከማን ወሰደ ብለን ባንጣላስ አለ። እህታችን አልመለሰችም። ቅሬታዋን ግን አከብራለሁ። የምታምነውን ነገር ሰው ሲያነሣውና ሲያስቀምጠው ማየት ያማል።

17ኛው መልስ የሠዓሊ ነው። አባቱም አያቱም ቤተ ክርስቲያን ይስሉ ነበር። ብሩታዊትን ስንት ጊዜ እንደሳላት ቆጥሮ አያውቅም። እንዴት እንደሚስላት ነገረን። መጀመሪያ ፈረሱ፣ ከዚያ ደራጎኑ፣ እሷ መጨረሻ ናት። ዛፉ ላይ ትቀመጣለች። ነጠላ ያለብሳታል። ፊቷን ጠይም ያደርገዋል፤ የሚበጠብጠው ቀለም ለጊዮርጊስ ፊት ከበጠበጠው የተለየ አይደለም፣ ከአንድ ሳህን ነው የሚነክረው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ይስላል። በኛ ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ሙሉ ዞሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ይሳልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ስለዚህ ብሩታዊት ትፈራለች፣ ግን ታየናለች። ደንበኞች ፊቷን ቀላ አድርግልን ብለው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩት። አዎ አለኝ። በተለይ ለውጭ አገር ሰው ስጦታ የሚገዙ። አያደርገውም።

ወደ 18ኛው ልምጣ። ይህች እህት ስለ ግሪክም ስለ ሥዕልም አልጻፈችም። ስለ ሠርጓ ነው የጻፈችው። ጠይም ናት። ፎቶ አንሺው አልበሙን ሲያመጣ ፊቷንና አንገቷን አቅልቶታል። ሳትጠይቀው። ኬክ የሚቆርሱበት ፎቶ ላይ ቢላውን የያዘው እጇ በባሏ እጅ ላይ የራሱን ቀለም እንደያዘ ቀርቷል፤ ፊቷ ግን የሌላ ሴት ነው። እናቷ አልበሙን ገልጠው፣ ውይ እንዴት አምሮብሻል፣ አሏት። እሷም ዝም አለች። አልበሙ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቲሺያንን ከመክሰሳችን በፊት እኛ ልጅ ስናሞግስ ቀይ ናት የምንለው ለምንድነው ብላ ጠየቀች። ከዚህ መልስ በታች ለብዙ ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም። እኔም ልጽፍ ጀምሬ አጠፋሁት። አክስቴ ልጄን መጀመሪያ ስታያት ምን እንዳለች ትዝ ብሎኝ ነው። አባቷን ወስዳ ጠየመች እንጂ ታምር ነበር ነው ያለችው። ያኔ ስቄ አልፌዋለሁ።

19ኛው መልስ ይህን ቁስል ከጥንት መጽሐፍ ጋር አገናኘልን። ሄሊዮዶረስ የሚባል የግሪክኛ ጸሐፊ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ታሪክ የሚባል ልብ ወለድ ጽፏል። የሜሮኤው ንጉሥ ሂዳስፔስና ንግሥት ፐርሲና ጥቁር ናቸው። የወለዷት ልጅ ግን ነጭ ሆነች። ምክንያቱ፣ ንግሥቲቱ በፀነሰችበት ሰዓት መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ያለውን የአንድሮሜዳ ሥዕል አይታለች፤ ሥዕሉ ላይ ያለችው አንድሮሜዳ ነጭ ናት። ባሏ በሌላ ሰው እንዳይጠረጥራት ፈርታ ሕፃኗን ሜዳ ላይ ጣለቻት፤ ታሪኳን ጨርቅ ላይ ጠልፋ አብራ አስቀመጠችላት። እናስበው። የኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የገዛ አያታቸው ሥዕል ነጭ ሆኖ ተሰቅሏል። ማንም አልገረመውም። 20ኛዋ ቶሎ ብላ ኦሪት ዘፍጥረት 30ን ጠቀሰች፤ ያዕቆብ የላባን በጎች ፊት የተላጡ በትሮች አቁሞ ዝንጉርጉር ያስወለዳቸውን። ያየኸው ይወለዳል የሚለው እምነት የሄሊዮዶረስ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የኤርምያስንም ቃል አነሣች፤ ኢትዮጵያዊ መልኩን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን የሚለውን። ነቢዩ አይቻልም ለማለት ነው የጠየቀው። ሠዓሊዎቹ ቻሉ አለች። ይህ አባባሏ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

21ኛው መልስ የኔን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው ነው፤ የመጣው ከ3ኛዋ ከሥዕል ተማሪዋ ነው። ነጭ አንድሮሜዳ በቲሺያን አልተጀመረችም። ቦስተን ሙዚየም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 450 ገደማ አቴና የተሠራ ማሰሮ አለ። አንድሮሜዳ የምሥራቅ ሰው ያጌጠ ልብስ ለብሳለች። አገልጋዮቿ ጥቁር አፍሪካውያን ሆነው ተስለዋል። እሷ ግን አይደለችም። ከ2000 ዓመት ገደማ በኋላ የፍሎረንሱ ፒዬሮ ዲ ኮሲሞ ሲስላት ከሰዎቹ መሐል ጠቆር ያለው ሙዚቃ የሚጫወተው ሰው ነው። አገሩ ኢትዮጵያ መሆኑን አገልጋዩና ተጫዋቹ ይናገራሉ፤ ልዕልቲቱ አትናገርም። በሦስተኛው መቶ ዘመን ፊሎስትራተስ የሚባል ጸሐፊ አንድ የአንድሮሜዳ ሥዕል ሲያደንቅ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆና ነጭ መሆኗ ነው የሚማርከው ይላል። ያወቁ እንደነበር ደግሞ ምስክር አለ። የሠዓሊው የቬላስኬዝ አስተማሪና አማት የነበረው ስፔናዊው ፓቼኮ፣ ከሞተ በኋላ በ1649 በታተመው የሥዕል መጽሐፉ፣ ጥቁር የተባለችውን ለምን ነጭ አድርገው ይስሏታል ብሎ ጠይቋል። ኤሊዛቤት ማክግራዝ የምትባል የሥዕል ታሪክ ሊቅ በ1992 ስለዚሁ ረጅም ጥናት ጽፋለች። የልጄ ጥያቄ በፓቼኮ ዘመን ሴቪል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጓደኛ ያገኝ ነበር።

እዚያው መልስ ላይ ስለ እርቃኗም ጻፈች። ጥንት ማሰሮ ላይ ለብሳ ነው ያለችው። ኦቪድም ልብሷን አላወለቀም። ፈረንሳዊው ኮርኔይ በ1650 ታሪኩን ለመድረክ ሲጽፍ፣ ሠዓሊዎች ሁልጊዜ እርቃኗን ያሳዩናል፣ ኦቪድ ግን ስለዚህ ምንም አላለም ብሎ አመልክቷል። ቀለሟንና ልብሷን አብረው ነው የወሰዱት ማለት ነው። ይህን ለልጄ ነገርኳት። ምን ዓይነት ልብስ ነበር አለችኝ። ማሰሮውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አሳየኋት፤ ስልኬን ነጥቃ አጉልታ ጥለቱን ስታይ ቆየች።

22ኛው መልስ ስለ ፊልም ነው። ሆሊውድ በ1981 ይህን ታሪክ ሲሠራ አንድሮሜዳን የያፋ ልዕልት አደረጋት። በ2010 እንደገና ሲሠራ የግሪኳ የአርጎስ ልዕልት ሆነች። ሁለቴም ነጭ ተዋናይ ናት። ጸሐፊው የተናደደው በሁለተኛው ነው። ቲሺያን ቢያንስ አገሯን አልወሰደባትም አለ። 4ኛው ወጣት ወዲያው መጥቶ ደገፈው።

23ኛው መልስ የሽማግሌው ነው፤ እኔ የማላውቀውን ያወቅኩት እዚህ ላይ ነው። የአቴናው ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 አንድሮሜዳ የሚባል ድራማ አሳይቷል። ድራማው ጠፍቷል፤ ቁርጥራጩ ቀርቷል። በሚቀጥለው ዓመት አሪስቶፋነስ በቀልድ መልክ ስለቀዳው ግን አከፋፈቱን እናውቃለን። ሌሊት ነው። አንድሮሜዳ ብቻዋን ታስራለች። ለሌሊቱ ታለቅሳለች። ከዋሻው ውስጥ የቃሏን ጫፍ እየደገመች የምትመልስላት ገደል ማሚቶ ብቻ ናት። በኋላ የተጻፉ ማጠቃለያዎች እንደሚሉት፣ ከዳነች በኋላ እናትና አባቷ ቅሪ ሲሏት እምቢ ብላ በገዛ ፈቃዷ ከፐርሴየስ ጋር ሄዳለች። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ሠዓሊዎቹ ፊት ስትደርስ ድምፅዋ የለም። ሆላንድ ያለችው 5ኛዋ እህታችን ይህን አንብባ፣ ያቺ ወደ ጎን የምታይ ልጅ ምናልባት እያዳመጠች ነው ብላ ጻፈች። 24ኛው መልስ ነው።

ልጄ ገደል ማሚቶን አታውቅም ነበር። ለንደን ገደል የት አለ። አያቶቿ አገር ተራራ ላይ ቆሜ ስሜን ስጠራ ማን ይመልስልኝ እንደነበር ነገርኳት። እና አንድሮሜዳን ያናገረቻት በአማርኛ ነዋ አለችኝ።

25ኛው ጸሐፊ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ኮከቦቹ ከኢትዮጵያ ይታያሉ ወይ? ኬፊየስ፣ ካሲዮፔያ፣ አንድሮሜዳና ፐርሴየስ አራቱም ሰማይ ላይ ናቸው፤ የጥንቱ የኮከብ ሊቅ በጥሊሞስ ከቆጠራቸው 48 የኮከብ ስብስቦች ውስጥ አሉ።

26ኛው መልስ ከደብረ ብርሃን መጣ። የፊዚክስ መምህር ናቸው። ኅዳር ውስጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዙሩና ቀና በሉ ብለውናል። አምስት ኮከቦች የተሰበረ መስመር ሠርተው ይታያሉ፤ ካሲዮፔያ ናት። ከእሷ በላይ፣ ወደ መሐል ሰማይ ጠጋ ብሎ አንድሮሜዳ አለች። መብራት በሌለበት ሜዳ ወገቧ አጠገብ ትንሽ ደመና የመሰለ ነገር ይታያል፤ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቅ ጋላክሲ ነው። ከዚያ ስለ ንግሥቲቱ ጨመሩ። በግሪኮች ተረት ካሲዮፔያ ስለ ኩራቷ የተቀጣችው ሰማይ ላይ ቁልቁል ተዘቅዝቃ እንድትዞር ነው። ግሪክ አገር ኮከቦቿ አይጠልቁም፤ ሌሊቱን ሙሉ በሰሜኑ ዋልታ ዙሪያ ሲዞሩ ራሷ ወደ ታች የሚሆንበት ሰዓት አለ። ደብረ ብርሃን ግን ወደ ምድር ወገብ ስለቀረበ ሰማዩ ሌላ ነው። ካሲዮፔያ ከሰሜን ምሥራቅ ትወጣለች፣ ቀና ብላ ታልፋለች፣ ሳትዘቀዘቅ በሰሜን ምዕራብ በኩል ትጠልቃለች። ተማሪዎቻቸውን ሜዳ ላይ አውጥተው አሳይተዋቸዋል።